ክሪደንስን ያፈረሰው ማን ነው?

ጎንደር ውስጥ ጊታር ከሚይዙ ልጆች ጋር የሮክ ወሬ ከተነሳ የሚጠሩት ስሞች ይታወቃሉ። ቢትልስ፣ ሌድ ዘፔሊን፣ ፒንክ ፍሎይድ። እኔ የአሜሪካውን ባንድ ክሪደንስ ክሊርዋተር ሪቫይቫልን ስጠራ፣ ፒያሳ ቡና የምንጠጣበት ቤት ውስጥ ሁሌ አንድ ዓይነት መልስ ይመጣል። «ተው እንጂ፣ እነሱ እኮ ሦስት ኮርድ ነው የሚመቱት!» ይላል አንዱ። ሌላው ይቀበለዋል፤ «ወንድማማቾች ተጣልተው የፈረሰ ባንድ አይደል?»

ሁለቱም አባባል ያንገበግበኛል። የመጀመሪያው፣ ኮርዱ (ጊታር ላይ አንድ ላይ የሚመቱት ድምፆች) ጥቂት ነው ብሎ ሥራውን ያሳንሳል። ሁለተኛው ደግሞ የፈረሰበትን ምክንያት ግማሹን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ወንድማማቾቹ መጣላታቸው እውነት ነው። ግን ጠቡ ዝም ብሎ ከሰማይ አልወረደም። ሥራው ሁሉ የተጫነው አንድ ሰው ትከሻ ላይ ነበር። የሥራው ባለቤትነት ደግሞ ከአራቱም የባንዱ አባላት እጅ ወጥቶ ሌላ ሰው ዘንድ ነበር። እነዚህ ሁለት ነገሮች በተገናኙበት ቤት የሥጋ ዝምድናም አይበረክትም። ዛሬ ማስረዳት የምፈልገው ይህንን ነው። የባንዱን ዓመቶች የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ባንዱ የተወለደው ኤል ሴሪቶ በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ነው። ጆን ፎገርቲ፣ ስቱ ኩክ እና ዳግ ክሊፎርድ ሦስቱም በ1945 የተወለዱ፣ አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ልጆች ናቸው። በ1959 ብሉ ቬልቬትስ ብለው መጫወት ጀመሩ። ጆን ጊታር፣ ስቱ ኋላ ቤዝ፣ ዳግ ድራም። የጆን ታላቅ ወንድም ቶም ከእነሱ ጋር መሥራት ሲጀምር ድምፃዊው እሱ ነበር፤ የባንዱ ስም ላይ እንኳ የሱ ስም ይቀድም ነበር። እያደር ግን የጆን ድምፅ እየጎላ መጣ። ያ ሻካራ፣ ከሆድ የሚወጣ ጩኸት ከማንም ጋር አይምታታም። ቶም ማይኩን ለታናሹ ለቀቀና ሪትም (አጃቢ) ጊታር ያዘ። በፈቃዱ ነው የለቀቀው። ቢሆንም ታላቅ በታናሹ ሲታዘዝ እያደር ምን እንደሚሰማው እኛ አገር ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

በ1964 ፋንታሲ ከሚባል ትንሽ የሳን ፍራንሲስኮ አሳታሚ ጋር ሠሩ። ቤቱ የሚታወቀው በጃዝ ነበር። ስማቸውን ጎሊዎግስ ብሎ ቀየረባቸው። ስሙን አልወደዱትም፤ ግን ዋጥ አደረጉት። ከዚያ የቬትናም ጦርነት ምልመላ መጣ። ጆን የምድር ጦሩ ተጠባባቂ ኃይል ውስጥ፣ ዳግ የባሕር ጠረፍ ጥበቃው ተጠባባቂ ውስጥ ገብተው አገለገሉ። በ1967 ፋንታሲን ሶል ዜንትስ የሚባል ሰው ከሸሪኮቹ ጋር ገዛው። ልጆቹም ስማቸውን ክሪደንስ ክሊርዋተር ሪቫይቫል ብለው አዲስ ውል ፈረሙ። ይህን ውል ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ከ1968 እስከ 1970 መጨረሻ ስድስት አልበም አወጡ። ሦስቱ የወጡት በአንድ ዓመት፣ በ1969 ነው። ቁጥሩን ለማብዛት የተሠሩ አልበሞች አይደሉም። ከእያንዳንዳቸው ዛሬም ድረስ ሬዲዮ ላይ የሚሰማ ዘፈን አለ።

አሁን ወደ «ሦስት ኮርድ» እንምጣ። «ፕራውድ ሜሪ»ን ያዙ። መግቢያው ሲ ከሚባለው ኮርድ ወደ ኤ ይወርዳል። ደግሞ ከሲ ወደ ኤ። ደግሞ አንዴ፤ ከዚያ በጂ እና በኤፍ በኩል ተንደርድሮ ዲ ላይ ያርፋል። ጆን ይህን አወራረድ ሲያወጣ ጆሮው ላይ የነበረው የቤትሆቨን አምስተኛ ሲምፎኒ መግቢያ እንደነበር ተናግሯል። ዲ ላይ ካረፈ በኋላ ደግሞ ግጥሙ ሲጀመር አይነቃነቅም። ሌላው ሙዚቀኛ ኮርድ ለመቀየር እጁን በሚበላው ቦታ ላይ እሱ ዝም ብሎ አንዱን ኮርድ ይመታል። ዘፈኑ ስለ ወንዝ ጀልባ ነው፤ ውሃው እንዲፈስ ጊታሩ መርጋት አለበት። በኋላ ኤ ሲመጣ እና ቢ ማይነር ሲከተል በር የተከፈተ ያህል ይሰማል። ኮርዱ ጥቂት ነው፤ የቱ መቼ እንደሚመጣ ግን የታሰበበት ነው።

ድራሙንም ስሙት። ዳግ ክሊፎርድ አይሮጥም። የሠርግ ሰሞን ጎንደር ውስጥ ባንድ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ጭፈራው ሲሞቅ ድራመሩም ይሞቀዋል፤ ፍጥነቱ ሳይታወቀው ይጨምራል፤ ድምፃዊው ከኋላው ይንጠለጠላል። «ባድ ሙን ራይዚንግ» ለመሮጥ የሚጋብዝ ዘፈን ነው። ከሁለት ደቂቃ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ዳግ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ እርምጃ ይሄዳል። ልጆች ይህን ዘፈን ሲለማመዱ ኮርዱን በአንድ ቀን ይይዙታል፤ ያን እርጋታ ለማግኘት ግን ወራት ይፈጅባቸዋል። ቀላል የሚመስለው ሠሪዎቹ ስለደከሙበት ነው። በየቀኑ ይለማመዱ ነበር። የልምምዱ ቦታ ራሱ ፋብሪካ ይባል ነበር፤ «ኮስሞስ ፋክትሪ» የተባለው የ1970 አልበም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ኮስሞ የዳግ ቅጽል ስም ነው። ያ አልበም አሜሪካ ውስጥ ዘጠኝ ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል።

ታዲያ እንዲህ የተሳካለት ባንድ እንዴት ተናቀ? በዚያው ዘመን የሳን ፍራንሲስኮ ባንዶች ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ጊታር እየተጫወቱ፣ በአደንዛዥ ዕፅ እየተመሰጡ ዝና ያገኙ ነበር። ክሪደንስ አጫጭር ዘፈን ይሠራል፤ መድረክ ላይ ሰክሮ አይወጣም፤ ሸሚዙ እንደ ገበሬ ሸሚዝ ነው። ለጋዜጠኛ የሚያጓጓ ነገር አልነበረውም። ነጠላ ዜማዎቻቸው አምስት ጊዜ የአሜሪካን ሰንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ደርሰው አንድም ጊዜ አንደኛ አልወጡም። ይህ ዕድል ነው፤ ሌላ ስም አላገኘሁለትም። በነሐሴ 1969 ዉድስቶክ በተባለው ትልቅ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ተጫውተዋል፤ ተራቸው የደረሰው ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ሕዝቡ ጭቃው ላይ እንቅልፍ ሲጥለው ነው። ጆን በሥራው ስላልተደሰተ ቀረጻው ስለ ፌስቲቫሉ በተሠራው ፊልም ውስጥ እንዳይገባ አደረገ። ፊልሙ የዚያን ትውልድ ምስል ለዓለም ሲያሳይ ክሪደንስ የለበትም። የጆን ትልቁ ስህተት ይህ ይመስለኛል። ቀረጻው በ2019 በአልበም ሲወጣ ሰምቼዋለሁ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

አሁን ያ ውል። ነገሩ የተወሳሰበ ይመስላል እንጂ እኛ በካሴት ሽፋን የምናውቀው ነው። የድሮ ካሴት ሽፋን ላይ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ፣ አሳታሚ እገሌ ይላል። አንድ ዘፈን ውስጥ ሁለት ንብረት አለ። አንደኛው ዘፈኑ ራሱ ነው፤ ግጥሙና ዜማው። ሁለተኛው ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸው ድምፅ ነው፤ ሙዚቀኞች ማስተር የሚሉት። ሁለቱ የተለያየ ባለቤት ሊኖራቸው ይችላል። ቲና ተርነርና አይክ በ1971 «ፕራውድ ሜሪ»ን እንደገና ሲጫወቱት የክሪደንስ ማስተር አልተነካም። የግጥምና ዜማው ባለቤት ግን ገንዘብ ያገኛል። በአሜሪካ ሕግ ተራ ሬዲዮ ዘፈን ሲያጫውት የሚከፍለው ለግጥምና ዜማው ወገን ነው እንጂ ለተጫዋቾቹ አይደለም። ፊልም ሠሪ የክሪደንስን ቀረጻ ፊልሙ ውስጥ ማስገባት ከፈለገ ደግሞ ሁለቱንም ባለቤቶች ማስፈቀድ አለበት።

ክሪደንስ በፈረመው ውል ሁለቱም ንብረት ወደ ፋንታሲ ሄደ። ማስተሩም፣ የጆን ግጥምና ዜማም። በምትኩ የሚያገኙት ከሽያጭ የሚቆረጥ ፐርሰንትና ሌላ ክፍያ ነው። ክፍያ ማግኘትና ባለቤት መሆን ሰማይና ምድር ናቸው። ዘፈኑ ለማስታወቂያ ይሸጥ ወይስ አይሸጥ የሚወስነው ባለቤቱ ነው፤ ክፍያ የሚጠብቀው ሰው ቼኩን ከማየት ያለፈ ሥልጣን የለውም። ከዚህ በላይ ደግሞ ባንዱ ገና ያልተጻፉ ብዙ ዘፈኖችን ለዓመታት የማስረከብ ዕዳ ነበረበት። ሲፈርሙ ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉ፣ የሚበሉት ያጡ ልጆች ነበሩ። ጆን ሲናገር፣ ሥራው ከተሳካ ውሉን ቀደን አዲስ እንጽፋለን ተብሎ በቃል ቃል ተገብቶላቸው ነበር። ሥራው ተሳካ። ውሉ ግን አልተቀደደም።

እዚህ ላይ ነው ወንድማማቾቹ የሚገቡት። ጆን ይጽፋል፣ ያቀናብራል፣ ይዘፍናል፣ ሊድ ጊታር ይመታል፣ ቀረጻውን ይመራል። ሥራ አስኪያጁም እሱ ነው። ስለዚህ የውሉን ድርድር ወደ ፋንታሲ ይዞ የሚሄደውም እሱ፣ ባዶ እጁን የሚመለሰውም እሱ ነው። ሦስቱ ደግሞ በሁለት በኩል ተጎዱ። ሙዚቃው ላይ ድምፅ የላቸውም። ገንዘቡ ላይም ተደራዳሪያቸው አልተሳካለትም። በዚያ ላይ ጆን ሕዝቡ ቢጮህም ቢያጨበጭብም ተመልሰን መድረክ አንወጣም የሚል ሕግ አወጣ። አንድ ቤት ሙሉ ሰው «ድገሙልን!» እያለ ጊታርን ወደ ሣጥን መመለስ ለሙዚቀኛ ሞት ነው። ስቱና ዳግ ይህን ነገር ከዓመታት በኋላም አልረሱትም።

እዚህ አገር ባለው ልመስለው። አዝማሪ ቤት ውስጥ አንዷ ትዘፍናለች፣ አንዱ ማሲንቆ ይመታል። ሽልማቱ የሚለጠፈው እሷ ግንባር ላይ ነው፤ ማታ ግን ቁጭ ብለው ይካፈላሉ። አሁን የቤቱ ባለቤት በየማታው መጥቶ አብዛኛውን ብር በውል ነው ብሎ ይሰበስበው እንበል። ለሁለቱ የቀረችው ጥቂት ናት። ማን ነው የሚጣላው? ከባለቤቱ ጋር ውል አለ፤ መጣላት አይቻልም። እርስ በርስ ይጣላሉ። እሷ «ሰው የሚመጣው ለኔ ድምፅ ነው» ትላለች፤ እሱ «ያለ ማሲንቆ ምን ልትሆኚ?» ይላል። ክሪደንስ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። «ጆን አምባገነን ነበር» የሚለውን ወሬ ስሰማ እውነትነቱን አልክድም። ግን ያ አምባገነንነት ገንዘቡ በወጉ በሚከፈልበት፣ ዘፈኑ የራሳቸው በሆነበት ቤት ውስጥ ቢሆን ኖሮ ይቻል ነበር ብዬ አምናለሁ። ከዚያ የባሰ ኃይለኛ መሪ ይዘው ሠላሳ ዓመት የቆዩ ባንዶች አሉ።

ቶም በ1971 መጀመሪያ ላይ ወጣ። በዚያው ጥር «ሃቭ ዩ ኤቨር ሲን ዘ ሬይን» ለገበያ ቀርቦ ነበር። ብዙ ሰው የቬትናም ዘፈን ይመስለዋል። ጆን ግን ስለ ባንዱ እንደጻፈው ተናግሯል፤ ዝናውና ገንዘቡ ሞልቶ፣ ፀሐይ ወጥታ ሳለ ቤቱ ውስጥ ይዘንብ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ጊታሩን ይዞ ሊወጣ ሲል የተጻፈ መሆኑን ካወቅኩ ወዲህ ያን ዘፈን እንደ ድሮው መስማት አልቻልኩም።

ቀሪዎቹ ሦስቱ አንድ የመጨረሻ አልበም ሠሩ። «ማርዲ ግራ» በ1972 ወጣ። ሦስቱም የየድርሻቸውን ጻፉ፣ የጻፉትንም ራሳቸው ዘፈኑ። ይህ የማን ሐሳብ እንደነበር ዛሬም አልተስማሙም። ጆን፣ ድርሻ ስጠን ያሉት እነሱ ናቸው ይላል። እነሱ ደግሞ፣ ካልዘፈናችሁ እኔም የለሁበትም ብሎ ያስገደደን እሱ ነው ይላሉ። ሮሊንግ ስቶን መጽሔት አልበሙን ክፉኛ ነቀፈው። በጥቅምት 1972 ባንዱ መፍረሱ ተነገረ። ከመጀመሪያው አልበም እስከ መጨረሻው አራት ዓመት ብቻ።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል፤ ውሉ ግን ሥራውን አላቆመም። ባንዱ ፈርሶም ጆን ያልተከፈለ የቀረጻ ዕዳ ነበረበት። ከፋንታሲ ለመላቀቅ በክሪደንስ አልበሞች ላይ ያለውን የተጫዋችነት ክፍያ አሳልፎ ሰጠ። ያጠራቀሙት ገንዘብም ሌላ መከራ ገጠመው። ግብር እንዲቀልላቸው ተብሎ በባሃማስ በኩል በካስል ባንክ ተቀምጦ ነበር። ባንኩ በ1977 ተንኮታኮተ፤ ገንዘቡም ጠፋ፤ ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

ጆን ለዓመታት የክሪደንስን ዘፈን መድረክ ላይ አልዘፍንም አለ። በዘፈነው ቁጥር ገንዘቡ ለዜንትስ ይገባል ብሎ። በ1987 ቦብ ዲላንና ጆርጅ ሃሪሰን ባሉበት አንድ መድረክ ላይ ዲላን፣ «ፕራውድ ሜሪ»ን ካልዘፈንከው ሰው ሁሉ የቲና ተርነር ይመስለዋል እንዳለው ጆን ያወራል። በዚያው ዓመት ለቬትናም ዘማቾች በተዘጋጀ ኮንሰርት ላይ ዘፈኖቹን መልሶ ዘፈነ።

ከሁሉም የሚደንቀው ክሱ ነው። ጆን በ1984 መጨረሻ «ዘ ኦልድ ማን ዳውን ዘ ሮድ» የሚል ዘፈን አወጣ። ፋንታሲ ከሰሰው። ምክንያቱ? ይህ ዘፈን በ1970 ከወጣው «ረን ስሩ ዘ ጀንግል» የተቀዳ ነው የሚል ነው። የ1970ውን የጻፈው ራሱ ጆን ነው! ባለቤቱ ግን ፋንታሲ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ከራሱ ሰረቅህ ተብሎ ፍርድ ቤት ቆመ። ግጥምና ዜማን ጨርሶ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በ1988 ጆን ጊታሩን ይዞ የምስክር ወንበር ላይ ተቀመጠና ዘፈን እንዴት እንደሚሠራ ለዳኞቹ እየመታ አሳየ። አሸነፈ። ከዚያ የጠበቃ ወጪዬን ይክፈሉኝ ብሎ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1994 ፍርድ ቤቱ፣ በቅጂ መብት ክስ የጠበቃ ወጪ ሲወሰን ከሳሽና ተከሳሽ በእኩል ዓይን ይታዩ ሲል ለሱ ወሰነ። ያ ውሳኔ ዛሬም እዚያ አገር የሕግ ተማሪዎች የሚያነቡት ነው።

ቶም ይህን ውሳኔ አላየም። በ1990 በ48 ዓመቱ ሞተ። ሲታከም በተሰጠው ደም ኤች አይ ቪ ይዞት ነበር፤ የመጨረሻው ሕመሙ ቲቢ ነው። በክርክሩ ከዜንትስ ጎን ቆሞ ስለነበር ሁለቱ ወንድማማቾች ሳይታረቁ ተለያዩ። እኛ ጋ ቢሆን ሽማግሌ ይገባ ነበር። እዚያ የገባው ጠበቃ ብቻ ነው። በ1993 ባንዱ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ሲገባ ጆን ከስቱና ከዳግ ጋር አብሬ አልጫወትም አለ፤ ከሌሎች ሙዚቀኞች ጋር ተጫወተ። የራሳቸው ባንድ ዘፈን ሲሠራ ሁለቱ ከተጫዋቾቹ መካከል አልነበሩም። ጆንን የቱንም ያህል ብወደው ይህን ላደንቅለት አልችልም።

ፋንታሲ በ2004 ኮንኮርድ ለሚባል ድርጅት ሲሸጥ አዲሱ ባለቤት ለጆን ያጣውን ክፍያ መለሰለት። በጥር 2023 ደግሞ የዘፈኖቹን የኅትመት መብት፣ ማለትም የግጥምና ዜማውን ባለቤትነት፣ አብዛኛውን ድርሻ ገዝቶ በእጁ አስገባ። ዕድሜው 77 ነበር። የራሱን ግጥምና ዜማ መልሶ ለማግኘት ከ50 ዓመት በላይ ፈጀበት።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለክሪደንስ ብቻ ተቆርቁሬ አይደለም። እዚህ ጎንደር አንድ የማውቀው ኪቦርዲስት የሠራውን ዜማ ለአንድ አሳታሚ በጥቂት ብር አንድ ጊዜ ሸጠው። ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚል አላነበበም፤ ቀብዱን ቆጥሮ ፈረመ። ዘፈኑ አሁን በየሠርጉ ይጨፈርበታል፣ ዩቲዩብ ላይም አለ። እሱ ጋ የደረሰ ነገር የለም። የኛም አገር ሕግ አለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ መብቱን በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቅለታል። ተጫዋቹና አሳታሚውም የየራሳቸው መብት አላቸው። ግን ሰው ፈርሞ ያስተላለፈውን መብት ሕጉ ከወረቀቱ ላይ አይፍቅለትም። ስለዚህ ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። የምሰጠው ግጥምና ዜማውን ነው ወይስ ይህን ቀረጻ ብቻ? ለስንት ዓመት? ነገ ሌላ ዘፋኝ ቢጫወተውስ? ባንድ ከሆናችሁ ደግሞ ማን ምን እንደሚወስን፣ ገንዘቡም እንዴት እንደሚከፈል ገና ሳትታወቁ ጻፉት፤ ብር ከመጣ በኋላ መጻፍ ይከብዳል።

ክሪደንስን መስማት ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ከ«ግሪን ሪቨር» ጀምሩ። ቀጥላችሁ «ዊሊ ኤንድ ዘ ፑር ቦይስ»፣ እዚያ ላይ «ፎርቹኔት ሰን» አለ፤ የሀብታም ልጅ የማይዘምትበትን ጦርነት የሚከስ ዘፈን። ከዚያ «ኮስሞስ ፋክትሪ»ን ሙሉውን፣ ሳትዘሉ። «ማርዲ ግራ»ንም አትለፉት። ያ የተሰደበ አልበም ላይ የጆን «ሰምዴይ ኔቨር ከምስ» አለ፤ አባቱ ጥሎት ስለሄደ ልጅ፣ እሱም በተራው ልጁን ጥሎ ስለሚሄድ አባት። ለኔ ከጻፋቸው ሁሉ ትልቁ እሱ ነው።